አባባ የዳሰሷቸው ጋቢዎች

አዞ አላየሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከአርባ ምንጭ ከተመለስኩ ወዲህ በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ ስለ አዞ ያልጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ነው። ምንጮቹንም አልቆጠርኩም። ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያስተማርኩ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ዓባያን በዚህ ጉዞ በቅርብ ያየሁት ግን በአውቶቡስ መስኮት፣ በእማዬ ትከሻ ላይ አሻግሬ ነው። የሄድኩት አያቴ ሊሞቱ ስለነበር ነው። ለማትሄዱት ባልደረቦቼ የሆነውን ከመነሻው እጽፍላችኋለሁ፤ ስለ አዞ የሚጠይቀኝ ካለ ግን ሌላ ሰው ይፈልግ።

አያቴን ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። ኦቾሎ ነው የኖሩት፤ ከዓባያ ሐይቅ በላይ በድንጋይ ጀርባ ላይ የተሠራ የጋሞ መንደር ነው። ከጉርምስናቸው ጀምሮ ሸማኔ ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ጣታቸው ግን ምንም አልሆነም። አምና "ስሞት የምገነዘው ከልጆቼና ከልጅ ልጆቼ አንዱ በእጁ በሠራው ጋቢ ነው፤ ሁላችሁም ይዛችሁ ኑ፣ ዳስሼ እመርጣለሁ" ብለው አስነገሩ። ከዚያ በኋላ ይመርቃሉ።

ምርቃቱ ላይ ነው ችግሩ። በእኛ ቤት ወግ መጀመሪያ የሚመረቀው የበኩር ልጅ ነው። እሱ ሳይመረቅ ሌላው አይመረቅም፤ እሱ ሳይዘራ ሌላው እንደማይዘራ ማለት ነው። የአባባ በኩር የእማዬ ታላቅ ወንድም ጋሼ ዘለቀ ነው፤ ጋሼ ዘለቀ ደግሞ ከቤት ከወጣ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። አማረች የምትባል የሸክላ ሠሪ ልጅ አገባ። የእኛ ሰዎች ከሸክላ ሠሪ ጋር አይጋቡም ነበር። አባባ "የዚህች ሴት ስም በዚህ ቤት አይጠራም፤ አንተም ከእሷ ጋር አትግባ" አሉት። በማግስቱ ሚስቱን ይዞ ሄደ። ሞያሌን ተሻገረ ያሉ ነበሩ፤ ሞተ ያሉም አልጠፉም። አባባ እሱን ሳያገኙ ከሞቱ አንዳችንም ሳንመረቅ ልንቀር ነው። እማዬ ለዚህ ብላ ስታለቅስ ከርማለች።

እኔ ደግሞ የራሴ ጣጣ ነበረኝ። ልጅ ሆኜ ሁለት ክረምት አባባ ዘንድ ሽመና ተምሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ መወርወሪያ ነክቼ አላውቅም። በስልክ "ትሸምናለህ ወይ?" ሲሉኝ ግን "ቅዳሜ ቅዳሜ" እላቸው ነበር። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም፤ ደስ ሲላቸው ደስ ስለሚለኝ መሰለኝ። ስለዚህ ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ ጎረቤታችንን አንድ ጋቢ አሠራሁት። እማዬ አይታ "ዝም በል፤ እኔም ዝም እላለሁ" አለችኝ።

ሰኞ

የግማሽ ዓመት ዕረፍት ስለነበር ፈቃድ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከአዲስ አበባ ሲነጋጋ ተነሣን። እማዬ ለመንገድ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ሁለት ጃንጥላ ይዛለች። "ጃንጥላው ምን ያደርጋል? በረሃ እኮ ነው የምንሄደው" ብላት "ለፀሐዩ" አለች። "ሁለተኛውስ?" "አንተ የት ልትገባ ነው?" አለችኝ። ጋቢው በፌስታል ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ነው፤ እንደ ሕፃን ታቅፌው እስከ ሶዶ ደረስኩ።

ሶዶ ላይ ምሳ በላን፤ ክትፎው ከአዲስ አበባው ይሻላል፣ አስተናጋጁ ግን ከአዲስ አበባውም ይቆጣል። ከምሳ በኋላ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አርባ ምንጭ ላለች እህቷ በትልቅ የፕላስቲክ ጣሳ ዳጣ ይዛ ነበር፤ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት አብሮ የሚፈጭ፣ ጥሬ ሥጋ የሚበላበት ማባያ ነው። ሁምቦን እንዳለፍን ሾፌሩ መንገድ መሐል ለቆመች አህያ ፍሬን ያዘ። አህያዋ ተረፈች። የጣሳው ክዳን ግን ተፈናጥሮ ዳጣው እንዳለ በፌስታሉ አፍ ገብቶ ጋቢዬ ላይ ሆነ።

ሴትዮዋ ደነገጠች። በሻሿ ልትጠርግ ስትሞክር ይበልጥ አሰራጨችው። "ጋቢው ለምን ነበር?" አለች። "ለአባቴ መገነዣ" አለች እማዬ። ሴትዮዋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ እኛ እስከዚያ ሰዓት ድረስ እንደሷ አላለቀስንም ነበር። ምዕራብ ዓባያ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ወርዳ አንድ ሙሉ የሙዝ ዘለላ ገዝታ እማዬ ጭን ላይ አስቀመጠችና "ይቅር በሉኝ" አለች። እማዬም ይቅር አለቻት። ሙዙ አዲስ አበባ የምንበላው ዓይነት አይደለም፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ማር የሆነ ነው። ከሐዘኔ ጋር ሰባት በላሁ።

የኦቾሎ መገንጠያ ጋ መውረድ ነበረብን። እማዬ በመስኮት ተራራውን አየችና ወደ እኔ ዞረች። "በዳጣ የተገነዘ ሰው ታውቃለህ?" አለችኝ። "አላውቅም።" "እንግዲህ አርባ ምንጭ ገብተን ሌላ እንግዛ" አለች። መገንጠያውን እያየነው አለፍን። አባቷ ከላይ ሊሞቱ ተኝተው እሷ በሥር ስታልፍ ፊቷን ማየት ከበደኝ።

አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር አንድ ፔንሲዮን አረፍን። ሙቀቱ ግድግዳውን ስትነኩት እንኳ ያቃጥላል፤ አዲስ አበባ በጥር ሁለት ብርድ ልብስ የምደርብ ሰው አንሶላውንም ገፈፍኩት። ባለቤቷ ወይዘሮ ጽጌ ነገሩን ስትሰማ ጋቢውን ቀምታኝ በሎሚ፣ በሳሙና፣ በድጋሚ በሎሚ አጠበችው። ቀይነቱ ለቀቀ፤ በምትኩ የዓባያን ሐይቅ ቀለም ያዘ። ላላያችሁት፣ ዓባያ ቡናማ ነው፤ ተማሪዎቼ ካርታ ላይ ሰማያዊ ሲቀቡት ዝም ማለቴን ይቅር ይበሉኝ። ወይዘሮ ጽጌ አፍራ ለእራት ከጫሞ የመጣ ዓሣ ጠብሳ አበላችን። ዓሣው ሙሉ ነበር፤ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኝ ነበር። አዲስ አበባ ሆኜ ዓሣ ዓይን እንዳለው ረስቼ ነበር።

ማክሰኞ

ጠዋት ገበያ ወጣን። በአንዲት ጠባብ የሸማ ሱቅ ውስጥ አንድ ጋቢ አየሁና ቆምኩ። ብዙ አላውቅም፣ ቢሆንም የሁለት ክረምት ተማሪ ነኝ፤ ድሩ የጠበቀ፣ ክሩ ልስልስ ያለ፣ ጥለቱ ቀጭን ነው። "ይሄ ጥሩ እጅ ነው" አለች ባለሱቋ፤ ወይዘሮ ብርቄ ትባላለች። "የሚሠራው ሰውዬ እኮ…" ብላ ስትጀምር አቋረጥኳት። "ግድ የለም፣ አትንገሪኝ" አልኳት። ስለ ሸማኔው ባወቅሁ ቁጥር የሠራሁት እኔ ነኝ ማለት ይከብደኛል ብዬ ነው፤ ሳልሰማ ገዛሁት። ጥንቃቄዬ ከሁሉ የባሰ ስሕተት ነበር።

በሚኒባስ እስከ መገንጠያው፣ ከዚያ ሽቅብ በሞተር ሳይክል። የጋሼ ጳውሎስ ልጅ ታደለ ሊቀበለን ወርዶ ነበር። ጋሼ ጳውሎስ የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ ወንጌላዊ ስለሆነ ስልክ ሲያወራም የሚሰብክ ይመስላል። እማዬ ሞተር ላይ ወጥታ አታውቅም። መሐል ላይ አስቀመጥናት፤ ጃንጥላዋን ዘርግታ ካልሄድኩ አለች፣ ታደለ "አክስቴ፣ ንፋሱ ይወስደናል" አላት፣ ዘጋችው። በየጠመዝማዛው "በስመ አብ" ስትል ከፊት ታደለ "በኢየሱስ ስም" ይላል። እኔ ከኋላ ጋቢውን ይዤ ለሁለቱም አሜን እል ነበር።

ኦቾሎ ከላይ ሲታይ ቤቱ ከድንጋዩ አይለይም። ሽኮኮ ከየስንጥቁ ብቅ እያለ ያይሃል፤ ሰዎቹ ከሽኮኮዎቹ ይልቅ ይስቃሉ። በእንሰቱ ቅጠል መካከል ሐይቁ ተኝቷል። ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር። የጋሼ ጳውሎስ ሚስት ኩርኩፋ ሠርታ ጠበቀችን፤ የበቆሎ ሊጥ ድብልብልና የሽፈራው ቅጠል አብሮ የተቀቀለ ነው። ሊሞት ያለ ሰው ቤት እንደዚያ ስበላ አፈርኩ፣ ግን በላሁ።

አባባ ጥግ መደብ ላይ ተኝተዋል። የሥጋ ነገር አልቆ አጥንትና ቁጣ ብቻ ቀርተዋል። እማዬ እግራቸው ላይ ተደፋች። ጭንቅላቷን ዳሰሱና በጋሞኛ አንድ ነገር አሉ። እኔ ጋሞኛ ግማሽ በግማሽ ነው የምሰማው፤ ይህን ግን ሙሉውን ሰማሁት። "ልጄ፣ ምነው ዳጣ ዳጣ ሸተትሽ?" ነው ያሉት።

ረቡዕ

ጋቢዎቹ የቀረቡት ከቁርስ በኋላ ነው። ስድስት ነበርን። አባባን ደግፈው አስቀመጧቸው። ፈተና ላይ ስንት ተማሪ አላብቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ራሴ አልቦኝ አያውቅም።

መጀመሪያ የጋሼ ጳውሎስ ቀረበ። አባባ በሁለት ጣት ቆንጥጠው አሹትና "ጳውሎስ፣ እየጸለይክ ነው የሠራኸው?" አሉ። "አዎ አባባ።" "ዓይንህን ጨፍነህ" አሉና መለሱለት። የታደለን "ወንፊት" አሉት። የታደለ ታናሽ ወንድም "ጥሩ ነው" ሲባል ፊቱ በራ፤ "ለመጋረጃ" ብለው ጨመሩ። ሰው ሁሉ ሳቁን አፍኖ ግድግዳ ግድግዳ ያያል። አራተኛውንና አምስተኛውን ምንም ሳይሉ አሻግረው ሰጡ፤ ይህ ከሁሉ የከፋው ነበር።

ከዚያ የኔ። "ዳንኤል ነው፣ ከአዲስ አበባ" አለች እማዬ።

አባባ ጋቢውን ተቀብለው ጭናቸው ላይ ዘረጉት። መሐሉን ዳሰሱ። ከዚያ ጣታቸው ወደ ጠርዙ ሄደና ቆመ። የግራ ጠርዙን ከላይ እስከ ታች በአውራ ጣታቸው ተከተሉት፤ እንደገና ከታች ወደ ላይ። ጊዜው ረዘመብኝ። "ማን ነው የሠራው?" አሉ።

"እኔ ነኝ አባባ።"

"በየትኛው እጅህ ነው መወርወሪያ የምትወረውረው?"

"በቀኝ።"

"ይህ ሰው ግራኝ ነው" አሉ። "አዲስ ክር ሲቀጥል ጫፉን የሚሸሽገው በግራ ጠርዝ ነው፤ ሦስት ጣት ያህል መልሶ። እንዲህ አድርግ ብዬ ያስተማርኩት ግራኝ አንድ ነው።" ጋቢውን ወደ ፊታቸው አስጠጉትና አሸተቱት። "የዘለቀ እጅ ነው።"

የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ተተከለ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ተንበርክኬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። "ገዝቼው ነው አባባ። ዋሽቼዎት ነው። አንድም ቅዳሜ ሸምኜ አላውቅም" አልኩ። ማንም አልተቆጣኝም፤ የሚሰማኝም አልነበረም። እማዬ "ከየት ገዛነው? ዳንኤል፣ ከየት ነበር የገዛነው?" እያለች ትከሻዬን ትንጣለች፤ አብራኝ እንደነበረች ረስታዋለች።

አባባ ግን ገና አልጨረሱም ነበር። አንድ ክር መዝዘው በጣታቸው አዟዟሩት። "አልማዝ፣ ነዪ" አሉ እማዬን፤ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ፈታይ ናት። "ይህን ክር ማን ፈተለው?"

እማዬ ያዘችው። በብርሃን አየችው፣ ሳበችው። "የኔ አይደለም አባባ" አለች በመጨረሻ። "ከኔ ይበልጣል።"

አባባ ጋቢውን አጥፈው ትራሳቸው ሥር አደረጉትና ወደ ግድግዳው ዞሩ። የመረጡት የትኛውን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ሐሙስ

ከታደለ ጋር ወደ ሲቀላ ወረድን። ወይዘሮ ብርቄ ስታየኝ "ልትመልሰው ነው?" አለችኝ። ነገሩን ስንነግራት ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ልነግርህ ስል አይደል እንዴ ያቋረጥከኝ!" አለች። እውነቷን ነው። ሰውየው ጂንካ ነው ያለው፤ ሚስቱ ትፈትላለች፣ እሱ ይሠራል፣ በወር አንድ ጊዜ ጭኖ ያመጣላታል። ሦስት ልጆች አሏቸው። "ኦቾሎ አባት አለው? አንድ ቀን አላወራም እኮ" አለች። ሞያሌንም አልተሻገረም፣ አልሞተምም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በየወሩ እዚህ፣ ተራራውን ቀና ብሎ እያየ፣ መጥቶ ይመለስ ነበር።

ስልኩ ተዘግቷል። አሥር ጊዜ ሞከርን። ወይዘሮ ብርቄ ወደ ጂንካ የሚሄድ አንድ ነጋዴ ጠርታ "አባትህ ታመዋል፣ ድረስ በለው" ብላ ላከችበት፤ ነጋዴውን ሦስቴ አስደጋገመችው። ምሳችንንም አብልታ ሸኘችን። ስንመለስ አባባ "መጣ?" ሲሉ ከደጅ ሰማሁ። "ተልኮበታል" አልኩ። "ጂንካ ሩቅ ነው?" አሉኝ። ካርታ የማስተምር ሰው ነኝ፤ "ቅርብ ነው አባባ" አልኳቸው። ይህ ለእሳቸው የዋሸሁት የመጨረሻው ውሸት ነው።

ዓርብ

ጠዋት ውሃ አልወርድ አላቸው። ትንፋሻቸው እያጠረ ሄደ። ጋሼ ጳውሎስ "አባባ፣ በስሙ እንጸልይና እኛን ይመርቁን፤ እግዚአብሔር በኩር ታናሽ አይልም" አላቸው። "አንተ ያንን የምታምን ከሆነ" አሉ አባባ፣ "ወንድምህን ለምን አልፈለግከውም?" ጋሼ ጳውሎስ ስንት ጉባኤ ላይ ሲሰብክ የኖረ ሰው ነው፤ እንደ ልጅ አቀረቀረ። "አባባ፣ ፈራሁዎት" አለ። "እኔም ራሴን ፈራሁት" አሉ።

ከዚያ "የዘለቀን በርጩማ አምጡ" አሉ። አለ ወይ ብዬ ነበር፤ አለ። ማንም ሳይቀመጥበት ኖሮ አቧራውን ጠረጉት። አባባ ጋቢውን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው "እዚያ ላይ አድርጉት" አሉ። ዘመዶች ተያዩ። አንድ ሽማግሌ "ሰው በሌለበት እንዴት ይሆናል?" አሉ። አባባም "እጁ እዚህ አለ፤ እሱ ይደርሳል" አሉ። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና "ይሁን" አሉ።

አስጠጓቸው። ጋቢው ላይ እጃቸውን ጭነው "ቱፍ" አሉበት፣ እኛም "አሜን" አልን። "ዘለቀ፣ ብዛ" አሉ። አሜን። "እርሻህ ይያዝ፣ ደጅህ ሰው አይጣ።" አሜን። እዚህ ላይ አቆሙ። የደከማቸው መስሏት እማዬ ልትደግፋቸው ተነሣች፤ በእጃቸው መለሷት። "አማረች" አሉ። አሥራ አራት ዓመት ያልተጠራ ስም ነበር። "አማረች፣ ልጄ፣ ብዢ።" አሜን ማለታችንን ረስተን ቆየን፣ አባባ ተቆጥተው ደገሙት፤ "አማረች፣ ብዢ አልኩ እኮ!" ያኔ አሜናችን ቤቱን ነቀነቀው። እማዬ ነጠላዋን ነክሳ ታለቅስ ነበር፤ እኔም።

ከዚያ እማዬ፣ ጋሼ ጳውሎስ፣ በዕድሜ በዕድሜያችን እኛ። ተራዬ ሲደርስ ጭንቅላቴን በሁለት እጃቸው ያዙት። "አንተ ሸማኔ አይደለህም" አሉኝ። "አስተማሪ ነህ። እሱም ሥራ ነው። ብዛ።" ሌላ ምንም አልጨመሩም። በዘጠኝ ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንደዚያ ያለ የሥራ ግምገማ አላገኘሁም።

ቅዳሜና እሑድ

ቅዳሜ ጠዋት፣ እማዬ ከንፈራቸውን በውሃ ስታርስ፣ አረፉ። ጋሼ ዘለቀ አልደረሰም። በጋሼ ዘለቀ ጋቢ ገነዝናቸው፤ ታደለ ጥለቱ በእግራቸው በኩል እንዲሆን አስተካከለው።

እሑድ ቀበርናቸው። ከየተራራው ሰው መጣ፤ ወንዶቹ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የተሸመነበትን ዱንጉዛቸውን ለብሰው ተራራውን ሞሉት። አዲስ አበባ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሰው ስልኩን ያያል። እዚያ ስልክ ቢያዩም ኔትወርኩ ሲመጣ ሲሄድ ስለሚውል እርስ በርስ ይተያያሉ። የማላውቃቸው ሰዎች አቅፈውኝ አለቀሱ። የማላውቃቸው ሴቶች ቆጮ በእጄ አስይዘው "ብላ፣ አንተ የአልማዝ ልጅ፣ ከሳህ እኮ" አሉኝ። አልከሳሁም፤ ወፍሬ ነው የተመለስኩት።

ማክሰኞ

ትምህርት ሊከፈት ነበርና ማክሰኞ ወረድን። ትኬታችን ለማግስቱ ነው። እማዬ "ብርቄ ዘንድ እንለፍ፤ ዘለቀ ሲመጣ ማረፋቸውን እንድትነግረው" አለች።

ከሱቁ ደጃፍ ሳንደርስ ወይዘሮ ብርቄ ወጥታ መንገድ ላይ ተቀበለችን። "ከዓርብ ጀምሮ እዚህ ነው" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ተራራውን ውጣ ብለው አይወጣም፣ ጂንካ ሂድ ብለው አይሄድም። ለእናንተ ልደውል ስል ስልኬን ቀማኝ። ማታ ወንድሜ ቤት ያድራል፣ ጠዋት መጥቶ ያው በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ደንበኛ እንኳ መቀመጫ አጣ።"

ጋሼ ዘለቀ ሱቁ ውስጥ፣ ከተደራረበው ሸማ ጥግ፣ ትንሽ ሻንጣ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ጸጉሩ ሸብቷል። ቀና ሲል የእማዬን ነጠላ አየ፤ ለሐዘን አዘቅዝቃ ነበር የለበሰችው። ሳንነግረው ገባው። ተነሥቶ ቆመ።

"መቼ?" አለ።

"ቅዳሜ ጠዋት።"

"ዓርብ እዚህ ነበርኩ" አለ። "አልማዝ፣ ዓርብ እኮ እዚህ ነበርኩ።"

"ለምን አልመጣህም? ለምን?" እማዬ ደረቱን በቡጢ መታችው፤ ከዚያ አቀፈችው። እንደዚያ ሆነው ብዙ አለቀሱ። ወይዘሮ ብርቄ የሱቋን በር ገርበብ አደረገችው።

"እንዴት ብዬ ልግባ?" አለ ሲረጋጋ። "ከእሷ ጋር አትግባ ነው ያሉኝ። ብቻዬን ብገባ እሷን መካድ ነው። ይዣት ብገባ እሳቸውን መግደል ነው። እያሰብኩ እያለ ሞቱ።"

እማዬ ሁሉንም ነገረችው። ስለ ጋቢው፣ ስለ ግራ ጠርዙ፣ ስለ በርጩማው። ጎንበስ ብሎ ሰማት። የገዛሁት እኔ መሆኔን ስትነግረው አንድ ጊዜ አየኝና መልሶ ወደ እሷ ዞረ።

"መጀመሪያ ማንን መረቁ?"

"አንተን።"

"እኔን ብቻ?"

"ሁለታችሁንም።"

"አልማዝ፣ ለማጽናናት ብለሽ አትዋሺኝ" አለ። "ስሟን ጠርተዋል?"

"ጠርተዋል" አለች እማዬ። "አማረች፣ ልጄ ብለው። ሁለት ጊዜ። አሜን ብለናል።"

ወደ እኔ ዞረ። በዚያ ሳምንት ውሸታምነቱ የታወቀ ሰው እኔ ብሆንም "እውነት ነው?" ብሎ የጠየቀው እኔን ነው። "እውነት ነው ጋሼ" አልኩት። "እኛ አሜን ማለት ስንዘገይ ተቆጥተው ነው የደገሙት።" "ተቆጥተው" ስል አመነኝ። በርጩማው ላይ ተመልሶ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ከዚያ ስልኩን አወጣ፤ ጣቱ አልታዘዝ ስላለው እኔ ደወልኩለት። የሴት ድምፅ "ሄሎ" አለ፣ ደጋግሞ። ጋሼ ዘለቀ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ። "ሄሎ? ዘለቀ? ምን ሆነሃል?"

"አማረች" አለ በመጨረሻ፣ "ልጆቹን አልብሺና ነዪ።"

"የት?"

"ኦቾሎ። ቤት።"

ከማዶ ልጆች ሲጮኹ ይሰማል። "ለለቅሶ ነው?" አለች፤ ቀጥላም፣ እንደማንኛዋም ምራት፣ "ምን ይዤ ልምጣ?" አለች።

ጋሼ ዘለቀ ስልኩን ለእማዬ አቀበላት። እማዬ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

"አማረች፣ አልማዝ ነኝ" አለች። "ምንም አትያዢ። የበኩር ልጅ ሚስት የምትቀመጥበት ቦታ ባዶ ነው፤ ሰው ሁሉ የት አለች እያለ ነው። ቶሎ ነዪና ተቀመጪ።"